ሳታነብ የምትፈርም ደንበኛ
ዛሬ የግብር ማስታወቂያ (ገቢን ለግብር ቢሮ የሚያሳውቅ ቅጽ) ፋይሎች ሳገላብጥ ስለዋልኩ ለሙያ አጋሮቼ ይህን ልበል፦ የገንዘብ ጥቃት (የቅርብ ሰው የሌላውን ገንዘብና ስም ተቆጣጥሮ መበዝበዙ) ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ በፊት ፊርማው ላይ ይታያል።

አንዲት ደንበኛ እንበል፦ በወረቀት ላይ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናት፤ የድርጅቱን የባንክ ሂሳብ ግን አይታው አታውቅም። እሷ ስትጠየቅ የሚመልሰው ባሏ ነው። ተመላሹ ግብር የማታውቀው ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ ውዝፉ በስሟ ይቆለላል፣ በፋይሏ ላይ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይልም የእሱ ነው። (ተጎጂው ወንድ፣ ወይም ለልጁ ውክልና የሰጠ አዛውንትም ሊሆን ይችላል።) አንዱ ምልክት ብቻውን ምንም አያሳይም፤ ሥራ ተከፋፍለው በሰላም የሚኖሩ ጥንዶች ሞልተዋል። ሲደራረብ ነው ቆም ማለት።

ያኔ ለብቻዋ አነጋግሯት። "ይህን አንብበሽዋል? ገንዘቡን የሚያወጣው ማን ነው? በየትኛው ስልክ ብደውልልሽ ይሻላል?" ይበቃል። ባልየውን መጋፈጥ ጣጣውን ቤቷ ድረስ ይልክባታል። የግብር መለያዋን የይለፍ ቃል በችኮላ መቀየርም እንደዚያው፤ ማሳወቂያው የሚደርሰው ለእሱ ነው። ያልገባትን ማስታወቂያ አታስፈርሟት። ሁለቱም ደንበኞቻችሁ ከሆኑ የጥቅም ግጭት ስላለ ሌላ ባለሙያ ጠቁሟት። በአንዳንድ አገሮች በጋራ ያቀረቡት ማስታወቂያ እያንዳንዳቸውን ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ተጎጂ ከዕዳው ነፃ እንዲደረግ የሚጠይቅበት አሠራር ካለ የማመልከቻውን ቀነ ገደብ ቀድማችሁ አጣሩ።