ሰባት ጠብታ በጃምቢያኒ

ሰው ዛንዚባር ሲሄድ የዋና ልብስ ይይዛል። እኔ የውሃ መመርመሪያ ጠብታም ጨመርኩበት። ሥራዬ ድሬዳዋ ውስጥ የቦይለር ውሃ መለካት ነው። እህቴ "እረፍት ላይ እንኳን አይተውህም?" ብላ ሳቀችብኝ። አልተወኝም።

የአውሮፕላኑን ነገር ልዝለለው፣ ተኝቼ ነው ያለፈው። ከአየር ማረፊያው ጃምቢያኒ እስከምትባለው የባሕር ዳር መንደር ለታክሲ 50 ዶላር ከፈልኩ። ማታ እራት ላይ ያገኘሁት ኬንያዊ 35 መክፈሉን ነገረኝ። ባይነግረኝ ይሻል ነበር። ያቺ 15 ዶላር እስካሁን ታንገበግበኛለች።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መብራት ሄደ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው። ሙቀት ለድሬ ልጅ ምንም አይደል። ትንኟ ናት ያስለቀሰችኝ።

ጠዋት ግን ነገሩ ተቃና። ባለጀልባው በዋዜማው "ሳ ምቢሊ" ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት! በሰው አገር ሰዓቴን ሳልቀይር ኖርኩ ማለት ነው። አብሮን ሊሄድ የነበረው አውሮፓዊ ብቅ ያለው ከምሳ በኋላ ነው። ለእሱ ሁለት ሰዓት የኛ ስምንት ነዋ።

እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ይሸሻል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል እስከ 4 ሜትር ልዩነት አለ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲሄድ በባዶ እግሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። እናቶች የባሕር አረማቸውን ከገመድ ላይ እያሰሩ ነበር። ይህ እርሻ የተጀመረው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ ገበሬዎች ሴቶች ናቸው። አንዲት አሮጊት "ቪያቱ! ቪያቱ!" ብለው ጮኹብኝ። ጫማ ማለታቸው ነው። አጠገቤ ጃርት የመሰለ፣ እሾኹ እንደ መርፌ የሆነ ጥቁር ነገር ተጋድሟል። አሮጌ የጎማ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ። "ሺካሞ" አልኳቸው፣ ለትልቅ ሰው የሚባለው ሰላምታ እሱ ነው። "መራሃባ" ብለው ሳቁ። ጫማውን ስመልስ ገንዘብ ብሰጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

እዚያው ቆሜ ውሃ ቀዳሁ። ጠብታዬ የሚለካው አልካሊኒቲን ነው። አልካሊኒቲ ማለት ባጭሩ ውሃው ምን ያህል ሆደ ሰፊ ነው ማለት ነው። አሲድ ስታንጠባጥብበት እስከ ስንት ይችልሃል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ... ሰማያዊ ነው። ሰባተኛዋ ጠብታ ላይ ቢጫ ሆነ፤ በቃኝ ማለቱ ነው። ሰባት ብቻ! ያ ሁሉ ባሕር! እኔ ጨዋማ ስለሆነ ብዙ ይሄዳል ብዬ ነበር። ጨው ሌላ፣ አልካሊኒቲ ሌላ። ሶዳ የበዛበት የሻላ ሐይቅ ቢሆን ጠርሙሱ ሙሉ እንኳ አይበቃኝም ነበር።

ሲመሽ ደግሜ ለካሁ፤ አሁንም ሰባት። ለነገሩ መቀየሩን በኔ ጠብታ ማየት አይቻልም። በሞቃታማ ውቅያኖስ አንድ ኪሎ ውሃ 2300 ማይክሮሞል ገደማ አልካሊኒቲ አለው (ሞል የኬሚስቶች መቁጠሪያ ነው፣ ማይክሮሞል የሞል አንድ ሚሊዮንኛ)። ኮራልና ቀንድ አውጣ ቤታቸውን ሲገነቡ ከዚያ ላይ ነው የሚቀንሱት። አንድ ሞል የኖራ ድንጋይ በተሠራ ቁጥር ሁለት ሞል ከውሃው ይጎድላል። ችግሩ የኔ አንዷ ጠብታ ብቻዋን ወደ 350 ማይክሮሞል ናት። በብር ሚዛን መመዘን ሲገባ በጤፍ ሚዛን መጣሁ።

በማግሥቱ በዳላዳላ፣ በነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ ወደ ችዋካ ባሕረ ሰላጤ ሄድኩ። ተጨናንቀን፣ ጭኔ ላይ የሰው አናናስ ተቀምጦ። እዚያ የባሕር ሣሩ መካከል ሃሊሜዳ የሚባል፣ አካሉ ውስጥ ኖራ የሚሠራ አልጌ አለ። አረንጓዴ ነው፣ ሳንቲም በክር የተሰካ ይመስላል። ሲሞት ነጥቶ ይበታተንና አሸዋ ይሆናል። እፍኝ ዘገንኩና ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ግማሹ አሸዋ ሳይሆን የተሰባበረ ቅጠል ነው! በዚሁ ባሕረ ሰላጤ የሠሩ ተመራማሪዎች ሣሩ ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው ስለሚስብ ጎረቤቱ አልጌ ኖራውን ቶሎ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ጥሩ ጎረቤት ማለት ይሄ ነው።

የማረፊያዬን የጉድጓድ ውሃ የለካሁት በመጨረሻው ቀን ነው። አሥራ ሰባት ጠብታ! ደሴቲቱ በዚያ በኩል ጥንት ኮራል የነበረ ድንጋይ ናት፤ ዝናቡ በውስጡ ሲያልፍ ድንጋዩን እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። ማንቆርቆሪያቸውን ከፍቼ አየሁ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፣ ልክ እንደ እናቴ ማንቆርቆሪያ። ሻያቸውም እንደኛው ደፍርሶ ነበር የሚቀርበው። ቤት ያለሁ መሰለኝ።

ድሬ የገባሁት ማታ ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ ከቧንቧችን ቀዳሁ። ሃያኛዋ ጠብታ ላይ ጠርሙሱ አለቀ። ውሃው ገና ሰማያዊ ነበር።