አባዬ የሚዘላት ቁጥር

ቨርጂኒያ ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ 9ኙን ሌሊት ሌሊት ነው የሠራሁት፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ደውል ሲጮህ መሮጥ። የድሬ ጓደኞቼ ግን "አቦ አንቺ'ኮ አሜሪካ ነሽ!" ይሉኛል። እሺ ብዬ እስቃለሁ።

ከማያቸው ሰዎች አንዱ የቬትናም ዘማች ነበሩ። ቀን ቀን ጨዋታ ይወዳሉ። በፔርሙስ የምይዘውን ቡና "የአገርሽ ቤንዚን" ነበር የሚሉት። ማታ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ፣ በተለይ ጁላይ 4። የነጻነት በዓላቸው ስለሆነ ሰማዩ በርችት ይናጋል። አንዳንድ ሰፈር ዘማች ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ "እዚህ ዘማች ይኖራል፣ ርችት ስትተኩሱ አስቡልን" የሚል ሰሌዳ ይተከላል። የእኛ መጦሪያ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ያን ምሽት ክፍላቸው ስገባ አልጋው ባዶ ነው። በአልጋውና በግድግዳው መሐል፣ ወለሉ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገዋል። ጎንበስ ብዬ "አይዞዎት" አልኳቸው፣ በአማርኛ። ለምን በአማርኛ እንደወጣኝ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ። አባዬም እንደዚያ ሲሆን አይቼው አድጌያለሁ።

አባዬ የአንበሳው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነበር። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ሲወርረን 22 ዓመቱ ነው። ነሐሴ ላይ ውጊያው ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፣ መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። ካራማራ የተመለሰው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። በየዓመቱ ያን ቀን ሰው "ጀግናዬ፣ እንኳን አደረሰህ!" ይለዋል። እሱ ግን ድሉን የሰማው ሐረር፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ የመድፍ ፍንጣሪ ዳሌውን መትቶት ነበር። ፍንጣሪው ዛሬም እዚያው አለ። ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዘዋል።

ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ ምድር ባቡር ጥበቃ ገባ፣ እኛም ከዚራ አደግን። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ ቤት ውስጥ አይተኛም። ሽቦ አልጋው ግቢ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ሰማዩን እያየ ይተኛል። ስለዚህ አባዬ ሌሊት ሲጮህ ጎረቤቱ በሙሉ ይሰማል። ጠዋት ግን ማንም አያነሳውም። "ነርቭ ነው" ይባላል፣ በቃ። አንዴ ሐኪም ይይህ ብለው "አማኑኤል ልትወስጂኝ ነው?" ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

ሌላም ነገር ነበረው። በቀኙ በኩል ማንንም አያስቀምጥም። ባጃጅ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም ቀኙን ለግድግዳ ነው የሚሰጠው። የዳሌው ነገር ነው ብለን ተውነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በማግስቱ ቻፕሊን የሚሏት የመጦሪያው ቄስ መጣች። ሴት ናት፣ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው፣ ይሁን። "በርቱ፣ እግዚአብሔር ይወድዎታል" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ረጅም ሰዓት ዝም ብላ ቆየችና "እነማን ነበሩ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ሦስት ስም ነገሯት። በእነዚያ ስሞች አጭር ጸሎት አደረሰች። ሽማግሌው አሜን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ለሕመማቸው መድኃኒትም ይወስዳሉ። ሕመሙ ፒቲኤስዲ ይባላል፣ ሰው ካየው አስፈሪ ነገር በኋላ አእምሮው ላይ የሚቀር ማለት ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች በዚህ ስም መዝገባቸው ውስጥ ያስገቡት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ነው፣ ከቬትናም የተመለሱት ብዙ ከጮኹ በኋላ። መድኃኒቱን አልንቅም። ጠበል ስትጠመቅ ኪኒንህን ጣል የሚሉ ሰዎችንም አልወድም። ግን ያቺ "እነማን ነበሩ?" ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

በሚቀጥለው ሐምሌ ድሬ ገባሁ። የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረብኝ፣ አባዬንም ይዤው ሄድኩ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ዳሌውም ጀመረው። ሚኒባሱ ውስጥ ቀኙን ለመስኮቱ ሰጥቶ ጥርሱን ነክሷል። አጠገባችን የተቀመጡ እናት ምን ሆነው ነው አሉኝ፣ ነገርኳቸው። "ውይ አባቴ! ስንቱ እዚያ ቀርቶ እርስዎ ተርፈው! ተመስገን ይበሉ እንጂ!" አሉት። ከልባቸው ነው። ይቺን ቃል እኔም ስንቴ ብዬዋለሁ። አባዬ "ተመስገን" አለ። ከዚያ ቁልቢ እስክንደርስ ቃል አልወጣውም።

በማግስቱ ሌሊት እንቅልፌ ገና ቨርጂኒያ ነበርና ዓይኔ አልከደን አለ። አባዬ ከወዲያኛው አልጋ ዳዊቱን ይደግማል። ሁሌም የሚጀምረው በመዝሙር 90 ነው። እንግሊዝኛው ላይ 91 የሚባለው ማለት ነው። "በልዑል መጠጊያ የሚኖር..." ብሎ ወረደ። "ከሌሊት ግርማ" አለ፣ "ከቀትር ጋኔን አትፈራም" አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ "በዓይኖችህ ብቻ ትመለከታለህ" ላይ ደረሰ። የሆነ ነገር ጎደለኝ። ሲነጋ ዳዊቱን ገልጬ አየሁ። ገጹ በጣት ወዝ ጠቁሯል። የተዘለለችው 7ኛዋ ቁጥር ናት።

"በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም።"

በቀኝህም።

ለምን ትዘላታለህ አላልኩትም። ቡና እየተፈላ "አባዬ፣ በቀኝህ ማን ነበር?" አልኩት። ዝም አለ። በረካው ላይ ስንደርስ ነው የመለሰልኝ። "ኮዳውን እየሰጠኝ ነበር" አለ። "ልጅ ነው። ጠጣ ብሎ ኮዳውን እየሰጠኝ።" ከዚያ አምስት ሰው ጠራ፣ እየቆጠረ፣ በጣቱ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ቤተሰብ ይኖራቸዋል። "እነሱ ወድቀው እኔ 'ወደ አንተ አይቀርብም' ስል በሬሳቸው ላይ የምፎክር ይመስለኛል" አለኝ።

ወደ ንስሐ አባቱ ሄድን። ለፍትሐት የክርስትና ስም ያስፈልጋል፣ አባዬ የሚያውቀው የሁለቱን ብቻ ነው። አባ ደብተራቸውን አወጡ። "የቀሩትን እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፣ በምታውቀው ስም ጥራልኝ" አሉት። አራት ተጻፈ። አምስተኛው ላይ አባዬ ቆመ። ባለኮዳው ሙስሊም ነው። አባ አልተቆጡም፣ አልጻፉምም። ትንሽ አሰቡና "እሱን ለጎረቤትህ ንገራቸው" አሉት።

ጎረቤታችንን እኛ አዴ ነው የምንላቸው። ሲነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ። "ይሄን ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ሆነን ሳትነግረኝ!" ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ጁምዓ ለት ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝተው በዚያ ልጅ ስም ለሰፈሩ ሕፃናት አደሉ። አባዬ በር ላይ ቆሞ ሕፃናቱ ጣታቸውን ሲልሱ ያያል።

ዳነ ብዬ አልዋሽም። ዳሌው ይጠዘጥዘዋል። ሌሊትም ይጮኻል፣ ታናሽ እህቴ በሳምንት ሁለቴ ነው ትላለች፣ አንዳንዴ ሦስቴ። የሐኪሙን ጉዳይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው። አሁን "እስኪ እናያለን" ላይ ደርሷል።

ድሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 4 ነው። ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪና ውስጥ ሆኜ እደውልለታለሁ። መጀመሪያ ለብቻዬ "አቤቱ፣ ዛሬን እንኳ አሳርፈው፣ የቀሩትንም አስብ" እላለሁ። ከዚህ የረዘመ ጸሎት አልችልበትም። እሱ ዳዊቱን ይጀምራል። የቀትር ጋኔን ጋ ሲደርስ ይቆማል። 7ኛዋን እኔ አነባታለሁ። እሱ አምስቱን ስም ይጠራና ከ8 ይቀጥላል። ኔትወርኩ ካልተቆረጠ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።

እህቴ እንደምትለው ስልኩን የሚያስቀምጠው ትራሱ ላይ ነው፣ በቀኙ በኩል።