ሲተዉትም ያንቀጠቅጣል

ቡናም ሆነ የጦሳ ተራራ ብርድ ስካርን አያበርድም፤ ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ሲሆን፣ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ብቻ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ለዓመታት አብዝተው ሲጠጡ ደግሞ ጉበት ስብ ያጠራቅማል፣ ሊቆጣም፣ በመጨረሻም ሊጠጥር ይችላል።

ዛሬ እዚሁ ደሴ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ስንጠጣ፣ አረቄ ካቆሙ ገና ሁለተኛ ቀናቸው የሆነ አንድ አባት ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንኳ አቦሉን ጉልበታቸው ላይ አፈሰሱት። «አንድ መለኪያ ብቀምስ ይለቀኝ ነበር» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። አልኮል አንጎልን ስለሚያደነዝዝ፣ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ይበልጥ ያነቃቃል፤ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት ብቻውን ይቀርና መንቀጥቀጥን፣ ላብንና እንቅልፍ ማጣትን፣ ሲብስም ቅዠትንና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥን ያስከትላል። ስለዚህ «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» የሚለው የሰፈር ምክር (አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ጠጪ አፍ ነው የሚወጣው) ለከባድ ጠጪ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ልጃቸው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንዲወስዳቸው ነግሬዋለሁ፤ እዚያ መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጣል፣ ምግብን በመጠጥ የተኩ ሰዎች የሚጎድላቸው ቫይታሚን ቢ1ም ትዝታቸው ሳይሸረሸር በመርፌ ይተካል።