8.3 የሚለው ቁጥር ለጣና አይሠራም

በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅንን ሳስተምር ትልቁ ስህተቴ የመጽሐፉን ሠንጠረዥ እንዳለ መስጠቴ ነበር። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 8.3 ሚሊግራም ይይዛል ይላል። ተማሪዎቹ ባሕር ዳር ላይ 6.6 ሲያገኙ «ሐይቁ ተበክሏል» ብለው ደመደሙ። ቁጥሩ ግን ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 6.6 እዚህ ሙሌት ነው፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ ይዟል ማለት ነው። አሁን ሠንጠረዡን በ0.8 ሳያባዙ ወደ ዳር አንወርድም።

የምንለካው በዊንክለር ዘዴ ነው፤ ኦክስጅኑን በኬሚካል አስሮ የሚለካ ዘዴ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ በቀጭን ጎማ ከሥሩ ጀምሮ ይሞላል፤ የጠርሙሱ እጥፍ ያህል ውሃ ሞልቶ ይፍሰስ። አረፋ ከቀረበት ውጤቱ ከፍ ይላል። በጄሪካን ቀድቶ ትምህርት ቤት መውሰድማ አይታሰብም፤ ባጃጅ ላይ በቅል እንዳለ ወተት ሲናጥ አየር ይገባበታል።

እዚያው ዳር 1 ሚሊ ሊትር ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ቀጥሎ 1 ሚሊ ሊትር አልካላይን አዮዳይድ ፒፔቱን ውሃው ውስጥ አጥልቆ መጨመር፣ ከድኖ ማገለባበጥ። ኦክስጅን ካለ ቡናማ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ከሌለ ነጭ ነው። ፈልቶ፣ አፉ ተከድኖ የቀዘቀዘ ውሃ ከሐይቁ ውሃ ጎን ሲቆም ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ማብራሪያ አይፈልግም። 1 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲዱን ጓንትና መነጽር አድርጌ የምጨምረው እኔ ነኝ፤ ዝቃጩ ይሟሟና በኦክስጅኑ ልክ ቢጫ አዮዲን ይወጣል።

ከዚያ 200 ሚሊ ሊትሩ ላይ ቀለሙ እስኪጠፋ 0.025 ኖርማል ሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብታ በጠብታ እናወርዳለን፤ የወረደው ሚሊ ሊትር በቀጥታ ሚሊግራም በሊትር ነው። አዮዲኑን ሰማያዊ የሚያደርገው ስታርች የሚገባው ቢጫው ሲፈዝ ብቻ ነው። ቀድሞ ከገባ አዮዲኑን አንቆ ይይዝና ሰማያዊው በወቅቱ አይለቅም።

ጠዋት 1 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት መቅዳት አለብን፤ አልጌው ቀን ያመረተውን ሌሊት ሁሉም ሲተነፍሰው ያድራል።

እምቦጭ ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታሉ፤ «አረንጓዴ ነው፣ ኦክስጅን ይጨምራል» ይላሉ። ቅጠሉ ግን ከውሃው በላይ ስለሆነ ኦክስጅኑን የሚሰጠው ለአየር ነው። ከሥሩ ያለውን ውሃ ብርሃንና ነፋስ ይከለክለዋል፣ የሚበሰብሰው ደግሞ ያለውን ይጨርሳል። እዚያ ስንቀዳ ሥሩን አናንቀሳቅስም፤ ጭቃው ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ አዮዲኑን ይበላና ውጤቱን ከእውነተኛው በታች ያወርደዋል።