ተፈላጊውን ሸጬ፣ የማይገኘውን ጣልኩ

ለንደን ውስጥ ያገለገሉ ብስክሌቶችን ገዝቶ፣ ጠግኖ የሚሸጥ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁሌ የሚያከራክረን አንድ ጥያቄ አለ። የድሮ ብስክሌት ሲገባ ጠግነን ሙሉውን እንሽጥ ወይስ ፈታተን ዕቃ ዕቃውን እንቸርችር?

በሁለተኛ ዓመቴ አንድ አረንጓዴ ራሌይ የተባለ የእንግሊዝ ብስክሌት መጣ። ባለ ሦስት ማርሽ፣ የሴት። የኋላ ጎማው ሞዞ ላይ «58» ተመትቶበታል፤ የሞዞው አምራች ስተርሚ አርቸር የተሠራበትን ዓመት ይመታበት ስለነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ የ1958 ሥሪት መሆኑን ወዲያው አወቅን። ቀለሙ ተላልጧል፣ ቸርኬዎቹ ዝገዋል፣ ፍሬሙ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ሒሳቡ ግልጽ መሰለኝ። የሁለት ቀን ጉልበት አፍስሰን ሙሉውን ብንሸጠው ቢበዛ 90 ፓውንድ ነው። የብሩክስ የቆዳ ኮርቻው ግን ብቻውን 45 ያወጣል፣ ሞዞው 30፣ መብራቱና ደወሉ ሌላ 30። ፈታሁት። የፔዳሉን ክንድ የያዘችውን ሽብልቅ ለማስወጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዕቃዎቹ በሳምንት ውስጥ አለቁ። ፍሬሙን፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካና የአንገቱን ብሎኖች የጠየቀ ስላልነበረ ለብረት ሰብሳቢው ሰጠሁት።

ወር ሳይሞላ አንዲት ሴትዮ የእናታቸውን ራሌይ እየገፉ መጡ። መኪና ገጭቶት ሹካው ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። «ሹካ መቀየር ቀላል ነው፣ ነገ ይወስዱታል» አልኳቸው።

መደርደሪያችን ላይ ካሉት ሹካዎች ሁሉ የእሳቸውን ብሎን የሚቀበል ጠፋ። ምክንያቱን ያኔ ነው የተማርኩት። በእንግሊዝ ብስክሌቶች የተለመደው የብሎን ጥርስ በኢንች 24 ሲሆን፣ ራሌይ ግን አንገቱ ላይም የፔዳሉ ክንዶች የሚዞሩበት መሀል ላይም የራሱን 26 ነበር የሚያወጣው። ኖቲንግሃም ከተማ የነበረው የራሌይ ፋብሪካ ደግሞ ከተዘጋ 20 ዓመት አልፎታል። ብሩክስ ኮርቻውን ዛሬም አዲስ ይሠራል። ስተርሚ አርቸርም እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ተሸጦ ወደ ታይዋን ቢሄድም ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ አሁንም ያመርታል። ውድ ነው ብዬ በጥንቃቄ ጠቅልዬ የሸጥኩት፣ አዲሱ ከሱቅ የሚገኝ ነበር። ከሱቅ የማይገኘውን ነው በነፃ ያስጫንኩት።

ያንገበገበኝ ደግሞ ያደግኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አጠገብ መሆኔ ነው። እዚያ እኮ አንዲት ጎደሎ ብሎን እንኳ፣ ፈላጊዋ አንድ ቀን ይመጣል ተብላ ትቀመጣለች።

ለሴትዮዋ እውነቱን ነገርኳቸው፤ እንደዚያ ዓይነት ሹካ በእጄ እንደነበረም ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝና «እናቴ ለሥራ የተመላለሱበት ነው፣ እጠብቃለሁ» አሉ። አምስት ሳምንት ጠበቁ። በመጨረሻ የተገኘው ሌላ ከተማ ያለ ጋራዥ ፍሬሙ ዝጎ የተበላ ራሌይ ፈትቶ፣ ሹካውን ሳይጥል አስቀምጦት ስለነበር ነው።

አሁን ከአለቃዬ ጋር የተስማማንበት ነገር አለ። መጀመሪያ ፍሬሙን እናያለን። ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ትርፉ ቢያንስም ይጠገናል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ከሆነ ይፈታል፣ ስንፈታው ግን የምንጀምረው ገዢ ከማይጠይቀው ዕቃ ነው።

ትናንት ፍሬሙ የፔዳሉ ክንዶች የሚዞሩበት ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ራሌይ ገባ። ዛሬ እየፈታሁት ነው። ሹካው ከነብሎኖቹ በሽቦ ታስሮ፣ ዓመቱ ተጽፎበት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኮርቻውን ገና አልነካሁትም።