ያልገቡት ሁለቱ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው። ሥራ ቢያስረሳኝ ብዬ ያ ልጅ ከቡድናችን ከመልቀቁ በፊት ትቶት የሄደውን ፓች፣ ማለትም ኮዱ ላይ የሚጨመረውንና የሚጠፋውን መስመር የሚዘረዝር ፋይል፣ ከፈትኩ። ወደ ኮዳችን ሳስገባው ከሰባቱ ቁራጮች አምስቱ ገቡ፣ ሁለቱ እምቢ አሉ።

ጊት፣ የኮዳችንን ለውጥ የምንይዝበት ፕሮግራም፣ በራሱ ቢሆን አንዷ ካልገባች ሁሉንም ይተዋል እንጂ እንዲህ ግማሽ መንገድ ላይ አያቆምም። «ሪጀክት» የሚለውን ትእዛዝ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የሚገባው ይግባ፣ የቀረውን በእጄ አስገባዋለሁ ብዬ። እምቢ ያሉትን ሁለቱን መጨረሻው «ሬጅ» በሆነ ፋይል ለብቻ አስቀመጠልኝ። እነሱን ሳነብ አመሸሁ።

ሳነብ ግን ሐሳቤ ወደ አምና ሄደ። ፓች ቦታውን የሚያገኘው በመስመር ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከላይና ከታች ያሉትን ሦስት ሦስት ጎረቤት መስመሮች እየፈለገ ነው። ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የድሮው ፓች ፕሮግራም ደግሞ ጎረቤቶቹ ሲለወጡበት ከዳር ያሉትን እየተወ ይሞክራል፣ ካልከለከሉት እስከ ሁለት መስመር ድረስ። አምና የተጠቀምኩት እሱን ነበር። ኮዱ ውስጥ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ፈንክሽኖች (ለየብቻ ሥራ ያላቸው የኮድ ክፍሎች) ነበሩ፤ አንዱ የሚጽፍ፣ አንዱ የሚያነብ። ለሚጽፈው የታሰበው ማረጋገጫ የሚያነበው ውስጥ ገባ። ኮዱ ይነሳል፣ ቴስቱም ያልፋል። ስህተቱን እስካገኘው ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። ፕሮግራሙ «ፈዝ 2» በምትል አንዲት መስመር፣ ከዳር ሁለት መስመር ትቼ ነው ያስገባሁት ብሎ፣ ነግሮኝ ነበር፤ አላነበብኳትም።

ከዚያ ወዲህ እምቢ የሚል ቁራጭ አያስፈራኝም። ያልገባ ነገር አልገባሁም ይላል፣ ምን ሊያደርግ እንደነበረም በፋይሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከሁለቱ አንዷ ለምን እንዳልገባች ወዲያው ተረዳሁ፤ ልታጠፋው የመጣችውን መስመር ሌላ ሰው ቀድሞ አጥፍቶታል። ሁለተኛዋ ከባድ ናት። ዙሪያዋ እንዳለ እንደ አዲስ ተጽፏል፣ በሦስትዮሽ ሜርጅ (መነሻውን፣ የእሱን ለውጥና የእኛን ኮድ አነጻጽሮ በሚያዋህደው) እንዳልሞክራት ልጁ መነሻ ያደረገው የፋይሉ ቅጂ እኛ ጋ የለም። ልደውልለት ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ መሽቷል።

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ የምጽፍበትን መስኮት፣ ወደ ላይ መለስ አድርጌ አየሁት። ከገቡት አምስቱ ውስጥ ሦስተኛዋ የገባችው ከተጻፈላት ቦታ 212 መስመር ዝቅ ብላ ነው። ማታውን ሙሉ ካልገቡት ጋር ስቀመጥ እሷን አንድ ጊዜ እንኳ አላየኋትም።

የገባችው የራሷ ቦታ ይሆን?