የሼር ፎልደር ፈቃድ ለግሩፕ ስሰጥ የተማርኩት

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ፋይል ሰርቨር ዊንዶውስ ነው። ሒሳብ ክፍሉ አንድ የጋራ ፎልደር አለው፤ ሠራተኞቹ ይጽፉበታል፣ የውስጥ ኦዲተሮች ደግሞ ማየት ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው። ሥራውን ስረከብ የሒሳብ ሠራተኞቹ ኤክሴላቸውን ከፍተው አስተካክለው ሴቭ ሲሉ «አክሰስ ዲናይድ» ይላቸው ነበር። የፎልደሩን ሴኩሪቲ ታብ ስከፍት ግን ግሩፑ ሞዲፋይ (ማንበብ፣ መጻፍና መሰረዝ) አለው። ታዲያ ምን ከለከላቸው?

መልሱ ሼሪንግ ታብ ውስጥ ነበር። በአድቫንስድ ሼሪንግ አንድ ፎልደር ሼር ስታደርጉ ዊንዶውስ በራሱ የሚሰጠው ፈቃድ ለኤቭሪዋን (ለሁሉም ሰው) ሪድ፣ ማንበብ ብቻ፣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው የግቢውንም የቢሮውንም በር ማለፍ አለበት፦ የሼሩን ፈቃድና የኤንቲኤፍኤሱን፣ ማለትም ሴኩሪቲ ታብ ውስጥ የሚታየውን የፋይል ሲስተሙን ፈቃድ። ከሁለቱ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። ሼሩ ሪድ፣ ኤንቲኤፍኤሱ ሞዲፋይ ከሆነ ሰውየው ያገኘው ሪድ ነው። ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ ወይም በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ በዲ ድራይቭ በኩል የሚከፍት ሰው ግን የሼሩ ፈቃድ አይነካውም። «እኔ ሰርቨሩ ላይ ሞክሬው ይሠራል» የሚባለው ነገር ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ግን ሌላ ቦታ ነው። በሼሩ ወይም በኤንቲኤፍኤሱ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የግሩፖች ፈቃድ ይደመራል እንጂ አይጣበብም። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ለጊዜው ኦዲትን እንድታግዝ ተመድባ የሁለቱም ግሩፕ አባል ሆነች። ከኦዲት ሪድ፣ ከሒሳብ ሞዲፋይ አላት፤ ድምሩ ሞዲፋይ ነው፣ መጻፍ መቻል ነበረባት። ግን የሼሩ ሪድ ቢነሳም እንኳ አትችልም ነበር። ኦዲተሮቹ እንዳይጽፉ ተብሎ ግሩፑ ላይ ራይት (መጻፍ) የሚለው ዲናይ (ክልከላ) ተደርጎበት ነበር። እዚያው ፎልደር ላይ የተቀመጠ ዲናይ ከየትኛውም ግሩፕ የመጣውን አላው (የተሰጠ ፈቃድ) ይሽራል። ዲናዩን አነሳሁት፤ ኦዲት ከሪድ በላይ አልተሰጠውም፣ ያልተሰጠ ደግሞ መከልከል አያስፈልገውም። ዲናይን ዛሬም የምነካው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ከዚያ ነገሩን በአንድ ወገን ለመያዝ ወሰንኩ። ሼሩ ላይ ኤቭሪዋንን አውጥቼ ለኦተንቲኬትድ ዩዘርስ (ማንነታቸው ተረጋግጦ ለገቡ) ቼንጅ፣ ማለትም ማንበብ፣ መጻፍና መሰረዝ፣ ሰጠሁ። ፉል ኮንትሮል ያልሰጠሁት በምክንያት ነው፤ ፋይሉን የፈጠረ ሰው ባለቤቱ ስለሆነ በኔትወርክ ሆኖ ፈቃዱን ራሱ ሊቀይር ይችላል፣ ቼንጅ ግን ይህን ይዘጋበታል። እውነተኛው ቁጥጥር ኤንቲኤፍኤስ ላይ ነው፦ ኢንሄሪታንሱን (ከላይኛው ፎልደር ፈቃድ መውረሱን) ቆርጬ፣ ከላይ የወረደውን ዩዘርስ የሚለውን ግሩፕ አወጣሁ፣ ሲስተምንና አድሚኒስትሬተርስን በፉል ኮንትሮል ተውኩ፣ ለሒሳብ ጸሐፊዎች ሞዲፋይ፣ ለአንባቢዎቹ ኦዲተሮች ሪድ ኤንድ ኤክሰኪውት ሰጠሁ። የሰው ስም አንድም ቦታ የለም። ሠራተኛ ሲዛወር ከግሩፕ አውጥቶ ሌላ ግሩፕ ማስገባት ነው፣ ፎልደሩ አይነካም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሰውን ግሩፕ ውስጥ ከጨመራችሁት በኋላ ሎግ ኦፍ አድርጎ እንደገና ካልገባ ለውጡ አይደርሰውም፤ የግሩፕ ዝርዝሩ የሚያዘው ሲገባ ነው። ሎክ አድርጎ በመክፈት ላይ አትመኩ። «ጨምረኸኝም አልሠራም» የሚል ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ አንድ ፋይል ብቻ ለአንባቢዎቹ አልከፈት ካለ ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። እዚያው ድራይቭ ላይ ካለ ከሌላ የተዘጋ ፎልደር በከት ተወስዶ ከሆነ የድሮ ፈቃዱን ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ኮፒ የተደረገ ፋይል ግን የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። የእኛው ደመወዝ ፋይል እንደዚያ ነበር፤ ኢንሄሪታንሱን መልሼ ሳበራለት ተከፈተ።